ባዶው የዕድሜ መስመር

ደብረ ብርሃን፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት በራሴ እያነበብኩ ነው፤ የካርድ አደራደሩንም ጭምር። ባዶ መስመር ያለበት ካርድ ከእጄ አይወጣም ነበር።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ከአንኮበር በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣች ልጅ መስኮቴ ላይ ቆመች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባዋለች።

«ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ፈልጌ ነበር።»

«መስክ ወጥታለች፤ ነገ ትገባለች። ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«መታወቂያ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከቀበሌሽ ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ።»

«ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ለሕክምና ነው በያቸው።»

ስሟን ጽፌ የዕድሜውን መስመር ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ካርዱን አይታ ልጅቷ የት እንደሄደች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነች ልጅ ውርጃ ፈልጋ ከመጣች ዕድሜዋን መናገሯ ይበቃል። ሕጉ ማስረጃ አምጪ አይላትም። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት እንዲህ ያለችው ልጅ ሌላ በር እንዳታንኳኳ ነው።»

«ለምን እንደመጣች አላወቅኩም እኮ፣ እትዬ።»

«አለመጠየቅህ ደግ ነው። እሷን መመለስህ ነው ክፋቱ።»

ልጅቷ ስልክ አልነበራትም። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ አንኮበር ወርዳ ልትፈልጋት አሰበችና ተወችው፤ እንግዳ ሴት ቤቷ ድረስ ብትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቃል። በየጠዋቱ በመስኮቴ ብቅ እያለች «አልመጣችም?» ትለኝ ነበር።

ልጅቷ ከሁለት ወር በላይ ቆይታ ከአክስቷ ጋር መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ብቻዋን አስገብታ ስታነጋግራት አክስትየዋ እኔ ጋ ቆመች።

«ለእርግዝና ክትትል ነው የመጣነው። ቀበሌ ሄዳ ደብዳቤ ባትጠይቅ ማን ያውቅ ነበር? ጸሐፊው የአባቷ ወዳጅ ነው። የዚያኑ ዕለት ነገረው።»

በሩ ተከፈተ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዛሬም ምርጫው ያንቺ ነው፤ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ» አለቻት።

«አሁንማ ሁሉም ሰምቷል» አለች ልጅቷ።

የድሮውን ካርድ አወጣሁ።

«አሥራ ዘጠኝ በልልን፣ ወንድሜ» አለች አክስትየዋ። «ለልጁ አባት ልንድራት ነው።»

ልጅቷን አየኋት።

«ደብዳቤውን አላመጣሁም» አለችኝ።

«አያስፈልግም» አልኳት፤ አሥራ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።