የቀዘቀዘው ምድጃ

ሜልባ ከባሏ ከሩበን ጋር በካናዳ ሰሜን የተራራ መንገድ ላይ ለትንንሾቹ ከተሞች ፖስታ በማድረስ ኖራለች። በዚያ መንገድ ዳር ባለቤት የሌላቸው የእንጨት ጎጆዎች አሉ። ያደረባቸው ሰው ሲወጣ ለቀጣዩ መንገደኛ ምድጃው ውስጥ ጭራሮና የደረቀ ቅርፊት ደርድሮ ይሄዳል፤ በብርድ የደነዘዘ እጅ ክብሪት ቢጭር እንጂ እንጨት መፍለጥ አይችልም።

አንድ የጥር ቀን መኪናቸው ተንሸራቶ ወንዝ ዳር ተቀረቀረ። ሩበን ሲገፋ በረዶው ከእግሩ ስር ተሰበረና እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ።

"አይዞህ፣ ጎጆዋ ያቻትና" አለችው እየደገፈችው።

"እኔስ ገላዬን ታጠብኩ፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ" አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ጎጆዋ ገብተው የምድጃውን በር ስትከፍት ቀዝቃዛ አመድ ብቻ አገኘች። ተራራ ሊያዩ የመጡ እንግዶች ጭራሮውን አንድደው ሳይተኩ፣ የቢራ ቆርቆሯቸውን ትተው ሄደዋል። ወንበሩን ሰባበረች፤ ወፍራሙ እንጨት ግን እሳት አልይዝ አለ። ክብሪቱም ከደነዘዙት ጣቶቿ እየወደቀ አለቀ።

"ተይው ሜልባዬ፣ አሁን ሞቀኝ" አለ ሩበን።

ብርድ የሚገድለው ሰው መጨረሻ ላይ እንደሚሞቀው ታውቃለች። አልጋው ላይ አስተኝታ፣ ኮቷን አልብሳ አቀፈችው። ሳይመሽ አረፈ።

ዛሬም ብርዱ ሳይበረታ በየጎጆው እየዞረች ጭራሮ ትደረድራለች።

"አክስቴ፣ ሳይተኩ ለሄዱት ለእነዚያ ዓይነቶቹም ነው የምትለፊው?" አለቻት የእህቷ ልጅ።

"ማን በርዶት እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ?"

በዚያች ጎጆ ግን ተንበርክካ ደርድራ ትወጣለች እንጂ፣ ሩበን የተኛበት አልጋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።