ድመትና የተቋጠረ ስልቻ

«ፍችው! አሁኑኑ ፍችው!»

ዛሬ ወረታ፣ የእንስሳት ክሊኒኩ በር ላይ፣ ድመቷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ በመጣች ልጅ ላይ እንዲህ ብዬ ጮህሁ። ባጃጁ ሁሉ ቆመ፤ ሌባ የያዝሁ መስሏቸው ነው።

ለእኔ የታየኝ የእናቴ ስልቻ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከብት የሚከትብ ሐኪም ወረታ መጣ ሲባል፣ እናቴ አንገቷ ያበጠ ድመታችንን ልታሳክም ተነሳች። ጎተራችንን ከአይጥ የምትጠብቅልን እሷ ብቻ ነበረች።

በእኛ ዘንድ ድመት ከቤት ስትወጣ መንገዱን እንዳታይ ትሸፈናለች፤ ካየች አምልጣ ትመለሳለች ይባላል። እናቴም የፍየል ቆዳ ስልቻ ውስጥ ከትታ አፉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ውሃ ያቆረውን የፎገራ ሜዳ ስናቋርጥ ድመቷ ጮኸች፣ ቧጠጠች፣ ከዚያ ዝም አለች።

«ተመስገን፣ ተኛችልኝ» አለች እናቴ። እንዳትቀሰቅሳት ቀስ እያለች ትራመድ ጀመር።

ሐኪሙ ስልቻውን ፈትቶ አየና፣ «እናቴ፣ ይኸ እኮ አየር አያስገባም» አላት።

እናቴ ከዚያ ወዲያ በዚያ ስልቻ እህል አልያዘችም።

የዛሬዋ ልጅ ግን ፈታችው። ድመቷ ብቅ ብላ እጄን ነከሰችኝ። እሰየው!

እናንተስ ቤት፣ «ተኛችልኝ» ተብላ ሳትነቃ የቀረች ነበረች?