በሩ ላይ የተጋደመው ሜትር

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሞተረኛ አየር ጤና ካለው የመጋረጃ ሱቄ በር ላይ ቆመና፣ ሄልሜቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ ባንኮኒው ላይ አሳረፈ። ከሱቄ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርሷ ሕይወት በስልክ ያዘዘችው ነው፤ ሥራ ላይ ስለሆነች ታች ካለው ሱቅ አስቀምጥልኝ ብላዋለች። እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ላስቲኩ በአንድ ጥጉ ተቀዶ ኖሮ፣ ወደ ባንኮኒው ሥር ልገፋው ስል ሽታው ወጣ፤ ውሃ ያልነካው፣ ከእጥፋቱ ገና ያልተፈታ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ስታርችና ካርቶን የተቀላቀለበት። መጋረጃ ነበር። ከጭንቅላቴ በላይ መጋረጃ፣ ከኋላዬ መጋረጃ ተሰቅሎ፣ ጎረቤቴ ከሌላ የገዛችውን መጋረጃ እኔው ዘንድ በአደራ አስቀመጠች። ብቻዬን ሳቅሁ። ይሳቃል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

ሽታው ግን እጄን ይዞ ወደ ኋላ ወሰደኝ፤ አስፋልቱ ገና ጠባብ ወደነበረበት፣ ይህ ፎቅ በቆመበት መሬት ላይ የቆርቆሮ ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ወደሚውሉበት፣ ሐምሌ ሲገባ ከታክሲው ፌርማታ እስከ ሱቃችን ያለው ጭቃ በጣውላ ላይ እየተረገጠ ወደሚታለፍበት ዘመን። እማዬ በልጅነቷ ከጉራጌ አገር መጥታ፣ ንግድን ከአክስቷ ሥር ሆና የተማረች፣ ከባንኮኒው ኋላ ስትቆም ቁመቷ የሚጨምር የሚመስል ሴት ነበረች። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ከቤት የሚውለው በእንግድነት ነው፤ ሱቁም ቤቱም የእሷ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እትዬ አስካለ ነበሩ፣ እንደ እማዬ መጋረጃና አንሶላ የሚሸጡ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙር ከአፋቸው የማይጠፋ ጴንጤ። ልጃቸው መሰረት እኩያዬ ናት።

እኔና መሰረት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከተሰቀሉት መጋረጃዎች መሀል ገብተን እንቀመጥ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ በቀዩ ጨርቅ ሲያልፍ እጃችን ቀይ፣ በአረንጓዴው ሲያልፍ ፊታችን አረንጓዴ ይሆናል፤ ዝናቡ ጣሪያውን መምታት ሲጀምር የሻጭና የገዢ ክርክር እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና የሌላ አገር ወሬ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ እዚያው እንቅልፍ ይወስደን ነበር። አንዲት ደንበኛ መጥታ እስቲ ያንን አሳዪኝ ስትል እማዬ መጋረጃውን ስትገልጠው ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ተኝተው ይገኛሉ፤ እማዬም ምንም ሳይመስላት፣ እነዚህ አይሸጡም፣ ጨርቁን ግን ዳሰስ አድርጊው፣ ትላለች። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እማዬ ግን በጨርቅ ነገር ፈራጁ እጅ ነው ባይ ነበረች። ሳይዳስስ የሚገዛ ሰው ካጋጠማት ታዝንለት ነበር፣ እንደ ታመመ ሰው።

እማዬና እትዬ አስካለ ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ይህንን ማንም አይክድም። አንድ ዓይነት ጨርቅ ከአንድ አስመጪ ተረክበው፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተው፣ አንዲቱን ደንበኛ ከግራና ከቀኝ ይጠሯታል። እማዬ ዋጋ ዝቅ ስታደርግ ከሰሙ እትዬ አስካለ መዝሙሩን ከፍ ያደርጉታል፤ እሳቸው ሲሸጡ ደግሞ እማዬ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። አንዷ ለቅዳሴም ይሁን ለጸሎት ፕሮግራም፣ ለለቅሶም ይሁን ለዕድር ከሱቋ ስትወጣ በሩን አትዘጋም። ጨርቅ የሚለካበትን የእንጨት ሜትር በበሩ ግራና ቀኝ በተመቱት ሁለት ምስማሮች ላይ ታጋድምና ትሄዳለች። ሜትሩ በአንድ በኩል ልሙጥ እንጨት ነው፤ ቁጥሮቹ ያሉበት ሌላው ጎኑ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል። ቢጫው ወደ ውስጥ ሆኖ ሲጋደም ባለቤቷ የለችም ማለት ነው፤ የዚያን ጊዜ ጎረቤቷ ሜትሩን አንስታ ትገባና ትሸጥላታለች። ሸጣ ስትወጣ ሜትሩን ገልብጣ፣ ቢጫውን ወደ ውጭ አድርጋ ትመልሰዋለች፤ ገበያ ነበረ ማለት ነው።

ሕግም ነበረው። በሰው ሱቅ ስትሸጪ የራስሽን ዕቃ ስም አታነሺም፣ ደንበኛዋን ወደ ራስሽ አትጎትቺም፣ የጎረቤትሽን ጨርቅ ከራስሽ በላይ ታመሰግኛለሽ። ይህንን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሲጣስም አላየሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊያጣላቸው ነበር። እትዬ አስካለ ትልልቅ አበባ ያለበት፣ ሐምራዊ፣ ላየው ሁሉ ዓይን የሚያሳምም መጋረጃ ነበራቸው፤ ለምነውም ተቆጥተውም ሊሸጡት አልቻሉም። ለጸሎት ሄደው ሲመለሱ እማዬ ከነሙሉ ጣቃው ሸጣላቸው ቆየች፣ ያውም እሳቸው ከሚጠሩት ዋጋ በላይ። ደስ ሊላቸው ሲገባ አኮረፉ። ለካ ሰው ዕቃው አልሸጥ ሲለው የዕቃው ጥፋት ነው ብሎ ይጽናናል፤ እማዬ ያንን መጽናኛ ነበር የሸጠችባቸው። የታረቁት በሚቀጥለው ሳምንት፣ እሳቸው ደግሞ የእማዬን ብል የቀመሰው የሚመስል ብርድ ልብስ ሸጠውላት፣ አንድ ለአንድ ሲሆኑ ነው።

ከዚያ የክረምቱ መጨረሻ መጣና እማዬ ታመመች። ለእኛ ቤት ከዚያ የከፋ ጊዜ አልነበረም፤ ከጳጉሜ እስከ መስቀል ያሉት ሳምንታት አገር ቤት የሚገቡ ዘመዶች ሁሉ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚገዙባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው የሚመጣባቸው ናቸው። አባዬ መንገድ ላይ ነው። እማዬ ሐኪም ቤት ተኝታ፣ ከንፈሯ በትኩሳት ደርቆ፣ ምሳ ይዤላት ስገባ ስለ ሕመሟ አታወራም። የምትጠይቀኝ ሱቁ መከፈቱን ብቻ ነው። ያ ሱቅ ከተዘጋ ደንበኞቿ ሌላ በር እንደሚለምዱ፣ የለመዱትን በር ደግሞ እንደማይተዉ ታውቃለች። ያን ዓመት ያቺ ጥያቄዋ ከትኩሳቷ በላይ ታስፈራኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ግን ጠዋት መጥተው መጀመሪያ የሚከፍቱት የእኛን ሱቅ ሆነ፣ የራሳቸውን ቀጥለው። ደንበኛ እኛ ሱቅ ሲገባ የራሳቸውን ደንበኛ አስቀምጠው ይሮጣሉ፤ የራሳቸው ደንበኛ አንዳንዴ ይቆያል፣ አንዳንዴ ተነስቶ ይሄዳል። እኔ ከክረምት ትምህርት ስመለስ አስፋልቱን ሳልሻገር ከማዶ ቆሜ በራችንን አያለሁ። ዝናቡ መሀል፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ መሀል፣ ቢጫው ሜትር ወደ ውጭ ዞሮ ሲታየኝ፣ ደብተሬን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ እስከ ሐኪም ቤቱ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን ወደዚያው ልሮጥ ስል እትዬ አስካለ ጠርተው አስቆሙኝና በእጃቸው ፊቴ ላይ ያለውን ዝናብ እየጠረጉ፣

"እናትሽን እንዲህ በያት፤ አንቺ ታመምሽ እንጂ ሱቁ አልታመመም።" አሉኝ።

እማዬ ይህን ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው፣ በሕይወቷ አንዴ። እትዬ አስካለ እሑድ ሊጠይቋት መጥተው እጃቸውን ጭነው ረጅም ጸሎት ሲጸልዩላት፣ ማተቧን ከአንገቷ የማታወልቀው እማዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሜን ስትል ሰማሁ፤ ኋላ ብጠይቃት፣ ለአሜን ደግሞ ማን ይቀርጠኛል፣ አለችኝ። መስቀል ሳይገባ ድና ተመለሰች። በሩ ላይ የተጋደመውን ሜትር አንስታ ገባችና ወዲያው ጮክ ብላ የእትዬ አስካለን ደንበኛ ጠራች። እትዬ አስካለም መዝሙራቸውን ከፍ አደረጉት። የዚያን ዕለት የመዝሙሩ ደስታ እስከ ታክሲው ፌርማታ ሳይሰማ አልቀረም።

አሁን ሁለቱም የሉም። ቆርቆሮዎቹ ፈርሰው ፎቁ ሲሠራ እኔና መሰረት ጎን ለጎን ሱቅ ያዝን፣ ምስማሮቹንም በየበራችን መታን፣ ብዙ ዓመትም እንደ እናቶቻችን ኖርን። ከዚያ ገበያው ወደ ስልክ ገባ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ልጆች ቻናል ከፍተው መጋረጃ ሲሸጡ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ቀጥሎ ደንበኞቼ ሱቄ ገብተው ጨርቁን ዳስሰው፣ ፎቶ አንስተው፣ ፊት ለፊቴ ቆመው ለሌላ ሻጭ እየላኩ ይህንን በስንት ታመጪልኛለሽ ማለት ጀመሩ። እኔ የምዳሰስ ሆንኩ፣ የሚሸጠው ሌላ ሰው ሆነ። መሰረት ብልህ ናት፤ አምና ሱቋን ለቃ፣ ዕቃዋን ቤቴል ሰፈር ባለው ቤቷ ቆልላ በስልክ መሸጥ ጀመረች። ነይ አብረን እንግባበት ብላኝ ነበር፣ እኔ ግን ሳይዳሰስ ጨርቅ አይሸጥም ብዬ የእማዬን ቃል መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ በዓል በዓል ካልሆነ አንደዋወልም። በእሷ ቦታ ስልክ የሚጠግን ወጣት ገባ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰላምታውም አይጎድል፣ ሜትሩን አጋድሜ ስወጣ ግን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የለችም ይለዋል። ምን ያድርግ፣ ማን ነግሮት። በዚህ ክረምት እኔም በልቤ ወስኜ ነበር፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ሱቁን ልለቅ።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሕይወት መጥታ ላስቲኩን እዚያው ባንኮኒዬ ላይ ፈታችው። ቀለሙ ፎቶው ላይ ካየችው ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፊቷ ጠቆረ። እያመነታች፣ እትዬ ብርቄ እስቲ በእጅዎ ይዩልኝ፣ ተታልዬ ይሆን፣ አለችኝ። ጨርቁን ያዝኩት። በጣቶቼ መሀል አሸት አደረግሁት፣ ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ትንሽ ፊቴን ባኮማትር መልሳ ትልከዋለች፣ ምናልባትም ከእኔ ትገዛለች። ግን በእጄ ላይ ያለው የሌላ ሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱም በአጠገቡ የለም።

"ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ልጄ። ታጥቦ አይሸበሸብም፣ ፀሐይም አይበላው። እኔ የለኝም እንዲህ ያለ።" አልኳት።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። መሰረት ነበረች። ለካ ዕቃው የእሷ ኖሯል፤ ሕይወት ከታች ያለችው ባለ መጋረጃ እንዲህ ብላ አመሰገነችልሽ ብላ ጽፋላታለች። መሰረት ድምፅዋ ጎርንኖ፣ ቀኑን ሙሉ ላይቭ ላይ ስትናገር ትውላለች መሰለኝ፣ ስለ ገበያዋ አወራችኝ፤ ፎቶዎቿን ሰርቀው በዋጋ የሚሰብሯት፣ ፊታቸውን አይታ የማታውቃቸው ሻጮች እንዳሉ፣ ደንበኛ አንዴ ጣቷን ካንሸራተተች እንደማትመለስ። ማንን ትቆጪ፣ ለማንስ ጉሮሮሽን ትጠርጊ፣ ብላ ሳቀች። ከዚያም፣

"ብርቄ፣ ሜትሩ አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"እንግዲያው ዕቃሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በራስሽ ዋጋ እሸጥልሻለሁ፣ ከኔ ዕቃ አስቀድሜ።"

እሺ አልኳት፤ እሺ ስል የእናቷ እጅ ፊቴ ላይ ያለውን ዝናብ ሲጠርግ ይሰማኝ ነበር። ሱቁን የመልቀቁን ሐሳብ ትቼ የዕቃዬን ፎቶ ላክሁላት።

ትናንት የዕድር ለቅሶ ነበረብኝ። ሜትሩን ቢጫውን ወደ ውስጥ አድርጌ አጋደምኩና ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ መሰረት ናት፣ የክሬም ቀለሙን ጣቃ ግማሹን ሸጬልሻለሁ፣ ሞተረኛው ነገ ይመጣል ትላለች። እሰይ አልኩ በሆዴ፣ ከልቤ። ስመለስ ሜትሩ እንደተውኩት ነበር፣ ቢጫው ወደ ውስጥ። ገበያ ነበር፤ የገባ ሰው ግን አልነበረም። ክሬሙን ጨርቅ ማን እንደገዛችው፣ እጇ ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ ስትከራከር ትቆጣ ይሁን ትስቅ አላውቅም፤ መጋረጃዎቹ መሀል ተኝቶ የሚገኝ ልጅም የለም።

ሜትሩን አነሳሁትና ራሴ ገለበጥኩት። ቢጫውን ወደ ውጭ አድርጌ መልሼ አጋደምኩትና አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ድሮ እቆምበት የነበረው ቦታ ቆምኩ። ካፊያ ጀምሯል። ከማዶ ሲያዩት፣ ሰው ገብቶ የሸጠ ይመስላል።