የድኩላ ቆዳ ያልሆነው ጃኬት

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በደርግ ጊዜ መቱ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የምኖረው የአንድ ልብስ ሰፊ ሰውዬ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ጋሼ እላቸው ነበር። ጎሬ ገበያ ከሳልባጅ ክምር አንድ ቡናማ ጃኬት ገዙና የተቀደደ እጅጌውን ጠግነው በሱቃቸው በር ላይ ሰቀሉት። ሲዳስሱት እንደ ጥጃ ጆሮ ይለሰልሳል።

በማግስቱ ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ።

«ይሄ የድኩላ ቆዳ ነው። ማደን ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

«ኧረ ጨርቅ ነው! ከገበያ ነው የገዛሁት።»

«ድኩላ ደግሞ መቼ ነው ገበያ መውጣት የጀመረችው?» ብለው ተሳሳቁ። ጃኬቱን ወሰዱ። ጉዳዩ እስኪጣራ ብለው የስፌት መኪናውንም ተሸክመው ሄዱ። ያ ቤት የሚበላው ከዚያች መኪና ነው።

«እኔ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ» አልኩ።

«ጨርቅ ነው በልና ተመለስ። ሌላ እንዳትጨምር» አሉኝ ጋሼ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስደርስ ጃኬቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ወንበር ሰጠኝ። ጨርቅ ነው ብዬ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለዚህ ቆዳ መሳይ ጨርቅ አንብቤ ነበርና ከሥሩ ጀመርኩ። ክሩ ከሰው ጸጉር እጅግ የቀጠኑ ብዙ ክሮች ጥቅል ነው። ጨርቁ ከተሠራ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለበት መዘውር ላይ ይፈተጋል። ያን ጊዜ የቀጫጭኖቹ ክሮች ጫፍ ይበጠስና ይቆማል፤ ለስላሳው ጸጉር ይህ ነው። ጃኬቱን ወደ ላይ ዳበስኩት፣ ጠቆረ። ወደ ታች ዳበስኩት፣ ፈካ።

«ጠመኔ ብንሰጥህ ግድግዳውን ትጨርሰው ነበር» አለ ሊቀመንበሩ እየሳቀ።

ሳቁ አበረታኝ። ከጨርቁ የውስጥ ጠርዝ አንድ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስኩበት። «ቆዳ ቢሆን ጸጉር ጸጉር ይሸት ነበር። ይኸው፣ እንደ ናይለን ቀልጦ ጠጠር ሆነ!»

«አሳመንከኝ፣ ጓድ መምህር። እኛ አገር ይሠራል?»

«በፍጹም! እንዲህ ያለ ፋብሪካ እኛ ጋ የት አለ!»

«እንግዲያው ኮንትሮባንድ ነዋ» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። «መኪናውም ይወረሳል።»

ጮህኩ። ሳልባጅ የማይለብስ ማን አለ፣ ያንተስ ካፖርት ከየት መጣ አልኩት። ጥበቃዎቹ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ።

ነገሩን ለጋሼ ነገርኳቸው። የጀመሩትን የተማሪ ሱሪ አንስተው በእጅ መርፌ ይሰፉ ጀመር። «ነገ አውራጃ ሄጄ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ» አልኩ።

«ማሎ!» አሉ ባለቤታቸው፣ በኦሮምኛ እየለመኑ እጄን ጨብጠው። «ማሎ፣ ልጄ፣ ከእንግዲህ ለማንም አታስረዳብን።»