አባቴ የሸሸው እንፋሎት

እኛ ቤት የጓያ ማሰሮ ሲንተከተክ አባቴ ማድ ቤት አይገባም ነበር። እሳት ቢፈልግ እንኳ ደጅ ቆሞ ፍም አቀብሉኝ ይላል። ጓያ እግር እንደሚሰብር በመርሐቤቴ ቆላ የማያውቅ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ግን እንፋሎቱን ነው። እናቴ ክዳኑን የምታነሳው ፊቷን አዙራ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ነው። አባቴማ ጓያው ገና ማሳ ላይ እያለ እንኳ በመካከሉ አያቋርጥም፤ ዳር ዳሩን ይዞራል።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳይጋመስ ቀጥ አለ። ጤፉ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቀረ። ጥቁሩ አፈር በያዛት እርጥበት በቅሎ ፍሬ የሰጠን ጓያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥር ጀምሮ ሽሯችን ጓያ፣ ቂጣችን ጓያ፣ ንፍሯችን ጓያ ሆነ። እኔ ሰልችቶኝ አንዳንድ ቀን ሳልበላ እውላለሁ። አባቴ ግን ሲያርስ የሚውል ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ጓያ ቆልቼ የኮቱን ሁለት ኪስ የምሞላለት እኔ ነበርኩ። እናቴም ከገበታው የእሱን ድርሻ ታበዛለች። ለሚደክመው ማዳላታችን ነበር።

ግንቦት ላይ ምሳ ይዤለት ስሄድ በሬዎቹ ቆመዋል፣ አባቴ ትልሙ ውስጥ ተቀምጧል። ድንጋይ አደናቀፈኝ አለኝ። ዙሪያውን አየሁ፤ ድንጋይ የለም። ሊነሳ ሲል ጉልበቶቹ ተንቀጠቀጡና እርፉን ያዘ። ሲራመድም ተረከዙ መሬት አይነካም።

"ምን ታፈጫለሽ? የሙሽራ አካሄድ እየተለማመድኩ ነው" አለኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ አካሄዱን አየች። እኔን ወደ ጓዳ ጠርታ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ "የማሰሮውን ክዳን ከፍተሽ ትተሽዋል አይደል?" አለችኝ። አልተውኩም ልላት ፈለግሁ፤ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ብዙ ጊዜ የማማስለው በአንድ እጄ ደብተር ይዤ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ጤና ኬላ ሄድኩ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ክዳኑ የተናዘዝኩላትን ሰማችና ስለ ክዳን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አባቴ ምን እንደሚበላ ነው፤ ከምን ጋር፣ ከመቼ ጀምሮ። ስለ ኮቱ ኪስ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መርዙ ፍሬው ውስጥ ነው አለችኝ። እንፋሎቱ ማንንም አይዝም። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር ሲበሉት ያን ያህል አይጎዳም፤ ለወራት እሱኑ ብቻ የበላ፣ በዚያ ላይ ጉልበት የሚያወጣ ሰው ነው የሚያዘው። ዓለም ከተማ ሆስፒታል ወስደን እንድናስመረምረው ነገረችኝና፣ "ከጉልበቱ የሄደው አይመለስም። ጓያውን ዛሬ ካቆመ ግን ሕመሙ እዚያው ላይ ሊቆምለት ይችላል" አለችኝ።

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። መንገዱን ሁሉ የማስበው ኪሱን ነበር። ያን ቀን ጠዋትም ሞልቼለት ነው የመጣሁት።

ማሳው ዳር ግራር ሥር ተቀምጦ ሲቆረጥም አገኘሁት። አፍህ ውስጥ ያለውን ትፋው አልኩት። አባቴን አዝዤው አላውቅም፤ ሳቀ። የሰማሁትን ስነግረው የጤና ኬላዋ ልጅ የከተማ ልጅ ናት፣ ጓያ በምን ወር እንደሚዘራ እንኳ አታውቅም አለኝ። እነአያቱ ሁሉ የሸሹት እንፋሎት እንዴት ውሸት ይሆናል?

"ታዲያ እንፋሎቱ አንተን የት አገኘህ?" አልኩት። "የማድ ቤቱን በር አልፈህ አታውቅም። በየቀኑ የማማስለው እኔ ነኝ። እግሬን እየው፣ ዳገቱን ሮጬ ነው የመጣሁት።"

ቆሎው እጁ ላይ እንዳለ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሌላ ምን አለን?" አለኝ።

የጤፍ ዘር ነበረን። በዚያ ዓመት እንዲያ ሲርበን እንኳ ማንም አፍ አውጥቶ ስሙን አልጠራውም።

"ዘሩ አለ" አልኩት።

"ዘር ከተበላ ምን እዘራለሁ?"

"እግርህ ከሄደ ማን ይዘራዋል?"

የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ቆሎውን መልሶ ኪሱ ከተተ፤ አበቃ አልኩ በልቤ። ከዚያ ኮቱን እንዳለ አወለቀና አቀበለኝ።

ቅዳሜ እናቴ የዘሩን እኩሌታ ገበያ አውጥታ ከመንዝ በወረደ ገብስ ለወጠችው። ጓያውንም አልጣልነውም፤ ዘፍዝፈን፣ ውሃውን ደጋግመን ደፍተን፣ ከገብሱ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀልን እኔና እሷ በላነው። አባቴን ግን ከዚያችም አላቀመስነውም። ዓለም ከተማም ሄዶ ያንኑ ነገሩት።

ሰኔን ሙሉ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ ተረከዙን ስጠብቅ ከረምኩ። መሀል ላይ ባሰበትና ዱላ ቆረጠ። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ዱላ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በሁለት ዱላ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው መዳህ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለተኛው ዱላ አልመጣም። ተረከዙም ግን አልወረደም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ደህና ጣለ። አጎቴ መጥቶ አረሰልን፤ መዝራቱን ግን አባቴ ለማንም አልሰጥም አለ። ዘሩን ከትከሻው አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ ዱላውን እየተከለ፣ በሌላው እየበተነ ጭቃው ውስጥ ገባ። ቢወድቅ ላነሳው ጫማዬን አውልቄ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። እስከ ጫፍ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ሳይወድቅ ጨረሰው፤ እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ዘሩ የበቃው ለማሳው ግማሽ ነው። አባቴ ዱላው ላይ ተደግፎ ባዶውን ግማሽ ትንሽ አየውና፣ "ለእሱ ለከርሞ እንደርስለታለን" አለኝ።