በምሳ ሰዓት የደበቅሁት ጸሎት

ላንጋኖ ዳር በሚሠራ ሆቴል ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ስንለጥፍ፣ ሁለት ወር ያህል ከአንድ የአርሲ ነገሌ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን በላሁ። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፤ ሙያውን የተማርኩት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያበላሸሁትን እየፈነቀልኩ ነው። እሳቸው በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሙስሊም ናቸው። የሰላት ሰዓት ሲደርስ የሲሚንቶ ማንኪያቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፤ እኔ የመታጠቢያ ውሃ አቀርብላቸዋለሁ፤ የሴራሚክ ካርቶን ዘርግተው ይሰግዳሉ። ያቦካነው ሲሚንቶ እንዳይደርቅ እያማሰልኩ እጠብቃቸዋለሁ።

እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ቅዳሜ ማታ አዳማ እገባለሁ፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ማይክ ሲደርሰኝ፣ በሥራ ቦታዬ ጌታን እንደምመሰክር እናገራለሁ። አንድ ጊዜማ "ወንጌል የምነግራቸው አንድ አባት አሉ" ብዬ ሰውን ሁሉ አስጸለይኩ። ጉባኤው አሜን አለ። ላንጋኖ ላይ ግን ምሳ ሲቀርብ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር እፈታና መልሼ አስራለሁ። ክሩ እስኪታሰር በልቤ "ጌታ ሆይ ባርከው" ብዬ እጨርሳለሁ። ከንፈሬ አይንቀሳቀስም። ሥራዬ ይመሰክራል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግድግዳው ላይ ግን የሚታየው ሴራሚኩን በውሃ ልክ አስተካክዬ መለጠፌ ብቻ ነበር።

አንድ ሮብ፣ ቀልድ የማያልቅበት የልስን ሠራተኛ ሳህናችንን አየና፣

"አንተ ልጅ፣ በፆም ቀን እንቁላል ትበላለህ። ማተብ የለህም፣ አትሰግድም። ጴንጤ ነው እንዳልል ሃሌ ሉያ ስትል ሰምቼህ አላውቅ። የማን ነህ አንተ?" አለኝ።

ሁሉም ሳቀ። "የማንም" አልኩ፣ አብሬ እየሳቅሁ።

ጋሼ አልሳቁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይበልጥ ደግ ሆኑልኝ። ሥጋውን ወደ እኔ ይገፉልኛል። ስግደታቸውን ሲጨርሱም፣ እንደ ድሮው ቶሎ መነሳት ትተው እጃቸውን ዘርግተው ይቆያሉ። አንድ ቀን በጣም ሲቆዩብኝ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ቤት ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው። ስላንተ ነው።"

"ስለ እኔ?"

"ሰው የማንም ሳይሆን እንዴት ያድራል፣ ልጄ? አላህ መንገዱን እንዲያሳይህ በየቀኑ ዱዓ አደርግልሃለሁ።"

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። እኔ ያስጸለይኩላቸው ሰው ለእኔ እየለመኑልኝ ነበር፤ ያውም "የማንም" ያልኩትን አምነው።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አማኝ ነኝ። ክርስቲያን።"

ፊታቸው በራ። "አልሐምዱሊላህ! ከመቼ ጀምሮ?"

ትናንት ብል ደስታቸው ደስታ ሆኖ ይቀር ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር።

"ከልጅነቴ" አልኩ። "እዚህ ስመጣም ነበርኩ።"

ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"ታዲያ ማንን ፈርተህ ነው? እኔን?"

"ኧረ እርስዎን አይደለም።"

"ማንን ታዲያ?"

ካርቶናቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

"እኔ አንተ ፊት ስሰግድ አፍሬ አላውቅም። አንተን ግን ሳላውቅህ ነው ለካ እስከ ዛሬ አብሬህ የበላሁት።"

ምሳ መጣ። የልስን ሠራተኛውም አጠገባችን ተቀመጠ። ጋሼ ቢስሚላሂ አሉ፤ ግን እጃቸውን ወደ ሳህኑ አልሰደዱም፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

"ጌታ ሆይ" አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ።

"ይኸው! አላልኩም?" አለ የልስን ሠራተኛው።

"ዝም በል፤ ይጸልይበት" አሉት ጋሼ።

ምግቡን መባረክ ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን "ይቅር በለኝ" ብቻ ነበር። ጋሼ አሜን ብለው መብላት ጀመሩ። እኔ ከፊት ለፊቴ ትንሽ ቆረስኩ፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።