ከጠምበለሉ የትርንጎ ድርሻ

የሸዋ ሮቢት ሰው ትርንጎን የሚያውቃት በሽንኩርቷ ነው። ገበያው ዳር ማዳበሪያ ዘርግታ፣ ጥላዋን አዘንብላ፣ ከፀሐዩ ጋር ስትሟገት ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ግን የሽንኩርቱን ሽታ የሚያስረሳት አንድ ነገር ነበራት፤ የጓሮ አጥሯ ላይ የተጠመጠመው ጠምበለል።

ጠምበለል መቼም የዱር ሐረግ ነው። ከሮቢ ወንዝ ዳር ያመጡት ትርንጎና ጎረቤቷ ሙሀባ ናቸው፤ ሁለቱም ገና አዲስ ሙሽሮች ሳሉ፣ ልብስ ሊያጥቡ ወርደው። ነጩን አበባ ከቁጥቋጦው መሀል ሲያዩት ልብሱን ረሱት። ከነሥሩ ነቅለው በእርጥብ ነጠላ ጠቅልለው ወጡ። ሙሀባ ግቢ ፍየል ይታሰራል፤ ፍየል ደግሞ ለአበባ አያዝንም። ስለዚህ በትርንጎ በኩል አጥሩ ሥር ተተከለ።

ሐረጉ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። የጠዋቱ ፀሐይ በሙሀባ በኩል ነውና ሥሩን እዚህ ትቶ አናቱን ወደዚያ አሻገረ። ትርንጎ ታጠጣለች፣ ሙሀባ ደጅ ይፈካል። ነሐሴ ሲመጣ ያ ሁሉ ነጭ አበባ ፊቱን ለሙሀባ፣ ጀርባውን ለትርንጎ ይሰጣል።

«እኔ ላጠጣ፣ አንቺ ልታሸቺ!» ትላለች ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ።

«ምን ላድርግሽ፣ እሱ እኔን ወደደ። ይልቅ እንኪ ድርሻሽን፣ አትነጫነጪ።»

ሙሀባ ማልዳ የለቀመችውን በእፍኟ አድርጋ ከአጥሩ በላይ ታቀብላታለች። ትርንጎም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ገበያ ትወርዳለች፤ ሽንኩርት ሊገዛ የመጣው ሰው «ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» እያለ ዙሪያውን ያያል። ልጅ ተወለደ፣ ልጅ ተዳረ፣ ባሎቻቸውም ተራ በተራ አፈር ገቡ፤ ያቺ የነሐሴ እፍኝ ግን ቀርታ አታውቅም።

ኋላ ሙሀባን ጉልበቷ ከዳት። ልጇ ሪሀና ካራቆሬ ወሰደቻት፤ ቤቱም ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሐረጉ ባበበ ቁጥር ትርንጎ ስልክ ትደውላለች።

«አበበ።»

«ወላሂ? ብዙ ነው?»

«አጥሩን አልብሶታል።»

«እስቲ ስልኩን አስጠጊልኝ፣ ላሽትተው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ? ሽታ በስልክ ይሄዳል?»

«ድምፅ ከሄደ ሽታ ምን ይከለክለዋል? አስጠጊልኝ አልኩሽ!»

ትርንጎ «ኧረ በማርያም ተይኝ» ብላ ስቃ ትዘጋዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ አስጠግታላት አታውቅም።

ታዲያ አንድ ሐምሌ፣ ቤቱን የገዛው ኡበይድ አጥሩ ጋ ቆሞ ጠራት። ወጣት ነጋዴ ነው፤ ሰው አክባሪ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሄን አጥር በብሎኬት ላደርገው ነው። ወጪው በኔ ነው፣ እርስዎ እንዳያስቡ።»

«ጠምበለሉስ?»

«ሐረጉ? መሠረቱ የሚቆፈረው እሱ ላይ እኮ ነው። ደግሞ ልጆች አሉኝ፣ እባብ ይገባበታል።»

«እባብ! ዕድሜዬን ሙሉ ሥሩ ስቀመጥ የነከሰኝ ትንኝ ነው።»

ኡበይድ ሳቀ። «በፕላስቲክ የተተከለ ሌላ አበባ ከአዲስ አበባ አመጣልዎታለሁ።»

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ብቻ አይደለም። የሙሀባም ነው።»

«እሳቸውማ ሄዱ።»

«ሄደች፤ አላጣሁትም። እስከ መስከረም ግን ታገሠኝ።»

«ኢንሻአላህ፣ እስከዚያ አልነካውም።»

ትርንጎ የተሰነጠቀ ጀሪካን አንገቱን ቆርጣ አፈር ሞላችበት። ከሐረጉ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ብቸኛ ቅርንጫፍ፣ ከእናቱ ሳትለየው፣ ጎንበስ አድርጋ አፈሩ ውስጥ ቀበረችውና ድንጋይ ጫነችበት። በነሐሴ ጠምበለሉ አበበ። እንደ ልማዷ ደወለች፤ የግንቡን ነገር ግን ምላሷ ላይ አድርሳ ዋጠችው። ኡበይድን አስፈቅዳ ግቢው ገባችና ራሷ ለቀመች። እፍኟ ሲሞላ ወደ አጥሩ ዞረች። ማን ይቀበላት? በዚያ በኩል የምትቆመውም እሷው ነበረች።

በመስከረም ድንጋዩን ብታነሳው ቅርንጫፉ ሥር ሰዷል። ከእናቱ ቆርጣ ለየችው፤ ጀሪካኑን በጨርቅ ሸፍና ሚኒባስ ተሳፈረች።

«እማማ፣ ጫቱን ከወንበሩ ሥር ያድርጉት!» አላት ረዳቱ።

«ጫት ዓይንህ ላይ ዞረብህ እንዴ? ጠምበለል ነው።»

«ይቃማል?»

«ይሸተታል!» ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ጀሪካኑን ግን እስከ ካራቆሬ ከጭኗ አላወረደችውም።

ሙሀባ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁ ሲገለጥ ቅጠሉን አየች፣ ቀጥላ የትርንጎን ፊት አየች።

«አጥሩን ሊያፈርሱት ነው?»

«ዛሬ ሳያፈርሱት አልቀሩም።»

ሙሀባ አፍንጫዋን ወደ ቅጠሉ አስጠጋች። «ምንም አይሸትም።»

«ቅጠል ምን ይሸታል? ታገሺዋ!»

ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ አፈር ያለው ቧንቧው ሥር ብቻ ነበር። እዚያው ሪሀና ቆፈረች፣ ትርንጎ ተከለች፣ ሙሀባ ከተቀመጠችበት አዘዘች።

«እንግዲህ ሥሩም አበባውም ለኔ ሆነ» አለች ሙሀባ ውሃው አፈሩ ውስጥ ሲሰርግ እያየች። «አንቺስ?»

«እኔማ ስልክ አለኝ» አለች ትርንጎ። ጎንበስ ብላም የረጠበውን አፈር በመዳፏ ጠቀጠቀች።

ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ግንቡ እስከ ወገብ ደርሶ ነበር። ኡበይድ ቃሉን ጠብቆ ቀይ አበባ አመጣላት፤ መልኩ ያምራል፣ ሽታ የለውም። እሱን ታጠጣና የተረፈውን ውሃ፣ እጇ ለምዶ፣ ብሎኬቱ ሥር ትደፋዋለች። በቀጣዩ ነሐሴ ማለዳ እየተነሳች ስልኳን አየች። አልተደወለም። ደውላ ብትጠይቅ «ገና ልጅ ነው፣ ቅጠል ብቻ» አለቻት ሙሀባ። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ፈራችው።

ዘንድሮ ነሐሴ፣ ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመዘነች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«አበበ» አለች ሙሀባ፤ ሰላምታም የለ።

ትርንጎ ሚዛኑን አስቀመጠች። «ብዙ ነው?»

«አንዲት ናት። ቧንቧው ሥር ተቀምጬ እያየኋት ነው። ድርሻሽን በምን ላቀብልሽ?»

«እማማ፣ ኪሎውን ይሙሉልኝ እንጂ!» አለ ገዢው።

ትርንጎ በእጇ ዝም አሰኘችው። ነጠላዋን ከነስልኩ ተከናነበች።

«እስቲ አስጠጊልኝ» አለች።

ሙሀባ አልሳቀችባትም። ቅጠል ስልኩን ሲዳብስ ተሰማ።